በነጭ ፋሻ ያለፈች ፀሐይ

ራቢያ በሩን የከፈተችው በእግሯ ነው። ሮሐ ከጠረጴዛዋ ቀና ስትል፣ ፊቷን እስከ ዓይኗ በጥቁር ሻሽ የሸፈነች ትከሻ ሰፊ ሴት በሩን ሞልታ ቆማ አየች።

«መብራቱን የሠራሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ምን ልታዘዝ?»

«ካንቺ ምንም አልፈልግም!» ሴትየዋ ሻሹን ለአፍታ ገለጥ አድርጋ መልሳ ሸፈነችው። ሮሐ ለማየት የቻለችው ቀልቶ ያበጠና ውሃ የቋጠረ ጉንጭ ብቻ ነበር። «ጣቴ የሚሸፍነውን ቁስል ይዤ መጣሁ፤ ግማሽ ፊቴን ጠብሰሽ ሰደድሽኝ። እኔ ሳጉሬ ገብስ ነጋዴ ነኝ፤ ውሎዬ በሰው ፊት ነው። ወላሂ፣ ይህን አድርገሽ እንቅልፍ ከወሰደሽ ሰው አይደለሽም!»

ሮሐ ብድግ አለች። ቃል ከአፏ ሳይወጣ ግን ዶክተር ይስሃቅ ከኮሪደሩ ደረሰ። ነጭ ጋውኑን እንደለበሰ፣ ሁለት ሠራተኞች አስከትሎ ነው የመጣው። ሴትየዋን በትሕትና ወደ ጎን ፈቀቅ አደረጋትና በሮሐ ላይ ጣቱን ቀሰረ።

«ስንት ጊዜ ነግሬሻለሁ? የመብራትሽ ኃይል ከልክ በላይ ነው ብያለሁ። ይኸው አሁን ሰው አቃጠልሽ።»

«አንድም ቀን እንዲህ ብለውኝ አያውቁም» አለች ሮሐ።

«ንቀሉት!» አለ ሠራተኞቹን፣ መልሷን እንዳልሰማ ሆኖ። ሦስት ዓመት የለፋችበትን መብራት ሽቦውን ጎትተው ነቅለው፣ በካርቶን አድርገው ይዘውት ሄዱ። ራቢያ ይህን ሁሉ ቆማ አየች። ከዚያ ወደ መሬት እንትፍ ብላ ወጣች።

ሮሐ ተወልዳ ያደገችው ደሴ ነው። ፊዚክስ ተምራ አሰላ ጫፍ ላይ ወዳለው የቆዳ ምርምር ማዕከል ከተመደበች አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። ማዕከሉ የሚደክመው በቁንጭር ላይ ነበር። በጥቃቅን ዝንቦች ንክሻ የሚመጣው ይህ ቁስል ፊት ላይ ወጥቶ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይቆያል፤ ሲለቅም ጠባሳ ትቶ ነው። የነባሩ መድኃኒት መርፌ ብዙ ቀን የሚወስድና እጅግ የሚያም ስለሆነ፣ በቅባትና በብርሃን የሚደረግ ሕክምና እየሞከሩ ነበር። ቅባቱ ቁስሉ ላይ ይቀባና ሦስት ሰዓት ይቆያል። ቆዳው ውስጥ ሰርጎ ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ይለወጣል፤ ያ ንጥረ ነገር በጨለማ ምንም አያደርግም። ቀይ ብርሃን ሲያርፍበት ግን ይነቃና በዙሪያው ያለውን ተሕዋስ ይገድላል። ቅባቱን የሚሠሩት ኬሚስቶቹ፣ ሕመምተኞቹን የሚያየው ዶክተር ይስሃቅ፣ ብርሃኑ ደግሞ የሮሐ ነበር። ከአነስተኛ ቀይ አምፖሎችና ከአሮጌ ኮምፒውተር በተፈታ ማራገቢያ ራሷ ገጣጥማ፣ ኃይሉን በየማለዳው ክፍሏ ውስጥ ለክታ መዝግባ ወደ ሕክምናው ክፍል ትልከዋለች።

ጠቡ የተጀመረው ከዓመት በፊት ነው። ዶክተሩ ከአዲስ አበባ በመጡ እንግዶች ፊት ውጤቱን ሲያቀርብ፣ ከሠላሳ ሕመምተኞች ሃያ ስድስቱ ድነዋል አለ። ሮሐ እጇን አወጣች። «ከእነሱ አምስቱ ለክትትል አልተመለሱም። ያልመጣ ሰው ድኗል ተብሎ ይቆጠራል እንዴ?» አለች። ልክ ነበረች። እንግዶቹ ተያዩ፣ አንዱ ፈገግ አለ፣ ይስሃቅም ከአንገቱ እስከ ግንባሩ ቀላ። ከዚያች ቀን ወዲህ ስሟን ጠርቶ አያውቅም። «ኤሌክትሪሻኗ» ይላታል። ሕመምተኞች የሚታከሙበት ክፍል ውስጥ እንዳትገባ በደብዳቤ ከለከላት። ቅባት የተቀቡ ሰዎች ጨለማ ውስጥ እንዲቆዩባት ስትል መስኮቷን በእጇ የሸፈነቻትን ክፍልም ወስዶ የፋይል ቁም ሣጥን ሞላባት።

ሮሐም ዝም ብላ የምትበደል ሰው አልነበረችም። አንዲት ስሕተት ባገኘችበት ቁጥር ደብዳቤ ትጽፋለች፤ ግልባጩን ለሁሉም ትበትናለች። ኮሪደር ላይ ሲተላለፉ አንዱ ሌላውን እንደ ግድግዳ ያልፈዋል። ሥራቸው አንድ ስለሆነ መነጋገር ግድ ሲሆን፣ ነርሱ ነስረዲን ከአንዱ ወደ ሌላው ወረቀት ያመላልሳል።

መብራቷ በተወሰደ ማግስት ከሥራ አስኪያጁ ከአቶ ፍቅረማርያም ደብዳቤ ደረሳት። ከሥራ ታግዳለች፤ በሚቀጥለው ሐሙስ በኮሚቴ ፊት መልስ ትሰጣለች። የመለኪያ መዝገቧን ይዛ ቢሮው ገባች።

«ሴትየዋ በታከሙበት ቀን የመብራቱ ኃይል እንደ ሁልጊዜው ነበር፤ ይመልከቱት።»

አቶ ፍቅረማርያም ገጹን ገልበጥ ገልበጥ አደረገው። «ዶክተሩ ይህንን አስቀድሞ ነግሮኛል። በራስሽ እጅ የጻፍሽው ነው። ለራስሽ ራስሽ ምስክር ልትሆኚ?»

ቅዳሜ ጠዋት ሳጉሬ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረች። የራቢያን ፊት ከማየት በቀር ሌላ መንገድ አልታያትም። ኅዳር ነው፤ በግራም በቀኝም የታጨደ ገብስ ተከምሯል። በመስኮቱ የሚገባው ብርድ ጣት ያደነዝዛል።

የራቢያ እህል ቤት ገበያው መግቢያ ላይ ነው። ሚዛኑ አጠገብ ሦስት ገበሬዎች ጆንያቸውን ይዘው ቆመዋል። ራቢያ ሮሐን ከሩቅ ስታያት የያዘችውን መስፈሪያ ወረወረችው።

«ባኢ! ውጪ ከደጄ! ልትታረቂ መጣሽ?»

«ለእርቅ አልመጣሁም። ጉንጭዎን አንዴ ብቻ ላይ ብዬ ነው።»

«ደግሞ ልታዪኝ? ሰው ሲያየኝ ነው የሰነበትኩት፣ አይበቃኝም?» ወደ ገበሬዎቹ ዞራ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገረች። ሰዎቹ ሮሐን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። አንዱ ራሱን ነቀነቀ።

ሮሐ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። «መብራቱ አቃጥሎዎት ከሆነ ኮሚቴው ፊት ቀርቤ እኔ ነኝ እላለሁ። መብራቱ ካልሆነ ግን ነገ ሌላ ሰው እንደ እርስዎ ይቃጠላል። ይኼን ማወቅ አለብኝ።»

ራቢያ መስፈሪያውን ከመሬት አነሣች። «እሺ። አይተሽ የምትናገሪው እውነቱን ነው። ከዋሸሽ፣ ይኼ ገበያ ሁሉ ስምሽን ያውቀዋል።»

ጓዳ ገቡ። ራቢያ ፊቷን ወደ በሩ ብርሃን አዙራ ሻሿን አወረደች። ሮሐ ጎንበስ ብላ አየች። ቃጠሎው ከጉንጭ እስከ አገጭ ወርዷል። ዳሩ ላይ ግን ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች ነበሩ፤ አንዱ ከጆሮ ሥር፣ ሌላው ከአፍንጫ አጠገብ፤ እያንዳንዳቸው የጣት ውፍረት አላቸው። መስመሮቹ ላይ ያለው ቆዳ ምንም አልሆነም።

«ይኼ ምን ነበረበት?»

«ፋሻውን የለጠፉበት ፕላስተር ነዋ።»

ሮሐ የሕክምናውን ቅደም ተከተል አሰበች። መብራቱ ሲበራ ፋሻውም ፕላስተሩም ተነሥቶ፣ ቁስሉ ታጥቦ ነው። ቆዳዋን ያቃጠላት መብራቱ ቢሆን ኖሮ የፕላስተር ጥላ ከየት ይመጣል? ቃጠሎው የደረሰው ፋሻው እንደተለጠፈ ነው። ብርሃን በፋሻው አልፎ ቅባቱ በተስፋፋበት ሁሉ ገብቷል፤ በፕላስተሩ ማለፍ ግን አልቻለም።

«ቅባቱን ከተቀቡ በኋላ ሦስቱን ሰዓት የት ቆዩ?»

«ደጅ። መቆያ ያሉት ክፍል ቁም ሣጥን ሞልቶታል፣ መቀመጫ የለም። ብርድ ነበር፤ ከግቢው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ፀሐይ ስሞቅ ነበር።»

«ፋሻው ነጭ ነበር?»

«ነጭ።»

ብርሃን እንዳያሳልፍ ጥቁር መሆን ነበረበት። ከተራራው አናት የምትወርድ የአሰላ ፀሐይ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ፣ በነጭ ፋሻ አልፋ፣ በቅባት ላይ! ሮሐ ሳታስበው ፈገግ አለች። «አገኘሁት! መብራቱ አይደለም። ፀሐይ ናት፤ ዶክተሩ ነው ያስቀመጠዎት—»

«ምን ያስቅሻል?» አለች ራቢያ።

የሮሐ ፈገግታ ከፊቷ ላይ ጠፋ።

«እኔ ላይ ቆመሽ ትስቂያለሽ? ቆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ የምትሠሪበት ቤት መስኮቱ ወደ ግቢው ነው አይደል? እኔ እዚያ ፀሐይ ላይ ስቀመጥ፣ አንቺ ሻይ ይዘሽ መስኮቱ ጋ ቆመሽ ነበር። ዓይን ለዓይን ተያይተናል። አስታወስሽኝ?»

ሮሐ አስታወሰች። ራቢያን ብቻ አይደለም፤ ከመስከረም ጀምሮ አግዳሚው ላይ ነጭ ፋሻ ለጥፈው የተቀመጡትን ሁሉ አስታወሰች። የመጀመሪያ ቀን ደንግጣ ነበር። ብዕርም አንሥታ ነበር። ኋላ ግን «አትግቢ ያለኝ እሱ ነው፤ ክፍሉን የወሰደው እሱ ነው፤ ቢበላሽም የሚበላሸው የእሱ ሥራ ነው» ብላ ብዕሩን አስቀመጠችው። ሌላው ሰው ቁስሉ እጁና እግሩ ላይ ስለነበር ልብሱ አልፎ አልፎ ይጋርደው ነበር፤ ጥቂት ፀሐይ ብቻ ነካው። ፊቷን ለፀሐይ የሰጠችው ራቢያ ናት።

«አይቻለሁ» አለች ሮሐ።

«ፀሐይ እንደሚያቃጥለኝ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ራቢያ አልጮኸችም፤ ሻሿን ቀስ ብላ ጠመጠመች። «እሱስ አላወቀም እንበል፣ ችላ ብሎ ነው። አንቺ ግን ቆመሽ አየሽኝ። ውጪ። አሁን ካልወጣሽ እጄን አነሣብሻለሁ።»

ሮሐ በገበሬዎቹ መካከል አልፋ ወጣች። እስከ አሰላ ድረስ አጠገቧ የተቀመጡት ሴት ደጋግመው «ልጄ፣ አሞሻል?» እያሉ ጠየቋት።

እስከ ሐሙስ ድረስ ስታሰላስል ሰነበተች። የፕላስተሩን ምልክት ብታሳይ ነጻ ትወጣለች፤ ይስሃቅ ይወድቃል። ስለ መስኮቱ የምታውቀው ራቢያ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ ኮሚቴው ፊት አትመጣም። ዓመት ሙሉ የተመኘችው የይስሃቅ ውርደት እጇ ላይ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ስትነሣም ገና አልወሰነችም።

ኮሚቴው አምስት ሰው ነበር። ሮሐ የብርሃን መለኪያዋን ይዛ ወደ ግቢው አወጣቻቸው። መለኪያውን ፀሐይ ላይ አስቀምጣ ነጩን ፋሻ ደረበችበት፤ ከግማሽ በላይ ብርሃን አልፏል። በጥቁሩ መሸፈኛ ስትሸፍነው ቁጥሩ ዜሮ ሆነ። ስለ ሁለቱ መስመሮችም ነገረቻቸው። አቶ ፍቅረማርያም ወደ ነስረዲን ዞረ።

«ጥቁሩ መሸፈኛ የት ሄደ?»

ነስረዲን ወደ ፊት ራመድ አለ። «መስከረም ላይ አለቀ። ይገዛ ብዬ ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ። ዶክተር ‹በነጩ ቀጥሉ› ብለው ፈረሙበት። ወረቀቱ አለኝ።»

ሁሉም ይስሃቅን አዩት። የእሱ ዓይን ግን ወደ ሮሐ መስኮት ሄዶ እዚያው ቀረ።

«ሁለት ወር ሙሉ» አለ። «ሁለት ወር ሙሉ መስኮትሽ ሥር ነበሩ። አንዲት ስሕተት ባገኘሽ ቁጥር ደብዳቤ ስትበትኚ የኖርሽ ሰው፣ ይኼን አላየሁም ልትይ ነው?»

አላየሁም ብትል ማን ያስረዳባታል? የራቢያ ድምፅ ግን ከጆሮዋ አልጠፋም።

«አይቻለሁ» አለች።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ስለጠላሁዎት ነው። ሲወድቁ ለማየት ነው።»

ከኮሚቴው አባላት አንዷ «በስመ አብ» ብለው አማተቡ።

ውሳኔው በሳምንቱ መጣ። ምርምሩ ታገደ። ይስሃቅ ከኃላፊነቱ ተነሥቶ ተራ ሐኪም ሆነ። ሮሐ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጽፎባት፣ ሥራዋ የተበላሹ መሣሪያዎችን መጠገን ብቻ ሆነ። ግቢው ውስጥ «ሰው እየተቃጠለ ሻይ የምትጠጣው» የሚል ስም ወጣላት። በምሳ ሰዓት ከጠረጴዛዋ ሰው ይነሣባታል። ይስሃቅም በስተርጅና የደረሰበትን ውርደት ከእሷ ቆጠረው፤ ባያት ቁጥር ፊቱን ያዞራል።

ጥር ላይ ነስረዲን ፈልጓት መጣ። ሹክ ብሎ «ነይ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ» አላት። ራቢያ ለክትትል መጥታ ነበር። ቃጠሎው ተልጦ ጠቁሯል፤ የፕላስተሩ ሁለት መስመሮች ነጣ ብለው ይታያሉ። ቁንጭሩ ግን የለም። በአጉሊ መነጽር ሲታይ አንድም ተሕዋስ አልተገኘበትም። ብዙ ሰው በመብራት አራትና አምስት ጊዜ ተመላልሶ የሚድነውን፣ ራቢያ በአንድ ቀን ዳነች።

«እሷ ብቻ አይደለችም» አለ ነስረዲን መዝገቡን እየገለጠ። «ክረምት ላይ ኮሪደር ውስጥ በጥቁር ሽፋን የቆዩትን እዪ። ከመስከረም ወዲህ ፀሐይ ላይ የተቀመጡትን ደግሞ እዪ። እነዚህ በሁለት ጊዜ ነው የዳኑት።»

ሮሐ ቁጥሮቹን ደጋግማ አነበበች። ሦስት ዓመት ያልተኛችለትን የመብራት ሥራ ለካ ሰማይ ላይ ያለችው ፀሐይ በነጻ ትሠራው ነበር። መጠኗን ያወቀላት ሰው ስለሌለ ብቻ ነው ያቃጠለችው። ሮሐ መዝገቡን ዘግታ ብቻዋን ወጥታ ግቢው ውስጥ ቆመች። እልህ ነበር የያዛት፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን ለራሷም አልገባትም።

ወደ አቶ ፍቅረማርያም ቢሮ ስትሄድ ይስሃቅ ቀድሟት ገብቶ አገኘችው። ያንኑ መዝገብ አይቶ፣ በመብራት ፈንታ በተለካ ፀሐይ ይታከሙ የሚለውን የእሷን ሐሳብ እሱም ጽፎ ይዟል። ሁለቱ ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አቶ ፍቅረማርያም አንዱን አነበበ፣ ሌላውን አነበበ፣ ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰ።

«ሕመምተኛ የሚያይ ሐኪም አንድ አለኝ፤ ፀሐይ የሚለካ ሰውም አንድ አለኝ። ወይ ሁለታችሁ በአንድ ወረቀት ትፈርማላችሁ፣ ወይ ሁለቱንም ቀድጄ እጥለዋለሁ።»

ፈረሙ፤ አልተያዩም።

ፈቃዱ እስኪመጣ፣ በልግና ክረምቱ እስኪያልፍ ወራት ሄደ። አዲሱ ሙከራ በጥቅምት ተጀመረ። ቅባቱ ከተቀባ በኋላ ግማሽ ሰዓት ብቻ በጨለማ ክፍል ይቆያል፤ በቁስሉ ዙሪያ ያለው ቆዳ የፀሐይ መከላከያ ይቀባል፤ ከዚያ ሕመምተኛው ሮሐ ለክታ በወሰነችው ደቂቃ ልክ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። ደቂቃዋን ወረቀት ላይ ትጽፋለች፣ ነስረዲን ለይስሃቅ ያደርሳል። እንደ ድሮው።

በሁለተኛው ሳምንት ራቢያ ከሳጉሬ ሦስት ጎረቤቶቿን ይዛ መጣች። ሁለት ሴቶችና አንድ ሽማግሌ፤ ሦስቱም ፊታቸው ላይ ቁንጭር አለባቸው። ሮሐ ስታያት ወደ ኋላ አለች።

«አትደበቂ» አለች ራቢያ። «ይቅር ልልሽ አልመጣሁም። ገበያ ላይ ሰው እስከ ዛሬ ዞሮ ያየኛል። ግን ቁስሉ ጠፍቶልኛል፤ እነዚህ ሰዎች ያንን አይተው ለምነውኝ ነው የመጣሁት።»

ነስረዲን ወረቀቱን ከሮሐ ተቀብሎ ወደ ይስሃቅ ሲራመድ ራቢያ እጇን ዘርግታ መንገዱን ዘጋችው።

«ይኼ ምንድነው?»

«ስንት ደቂቃ እንደሚቀመጡ የተጻፈበት ነው።»

ራቢያ አሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት ቆመው ጀርባ የተሰጣጡትን ሁለቱን ሰዎች አየቻቸው። ፊቷ ደም መሰለ።

«እዚህና እዚያ ቆማችሁ ወረቀት ትላላካላችሁ? ገና አልጠገባችሁም?» ድምፅዋ ግቢውን ሞላው፤ ሕመምተኛው ሁሉ ዞረ። «ይኼ ፊት ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሆነው? ዝም ስለተባባላችሁ አይደለም? እኔ ፊት፣ በአፋችሁ፣ ጮክ ብላችሁ ካልተነጋገራችሁ፣ ሰዎቼን አሁኑኑ መልሼ እወስዳለሁ። ጥላቻችሁን ቤታችሁ ሂዱና ጥሉት ወይም ብሉት፤ እኔ ምን አገባኝ!»

ሽማግሌው «ደግ ብለሻል» አሉ፣ በከዘራቸው መሬቱን መታ መታ እያደረጉ።

ይስሃቅ ቀስ ብሎ ዞረ። ለሁለት ዓመት ያህል ለመክሰስ ካልሆነ በቀጥታ አይቷት በማያውቅ ዓይን ሮሐን አያት፤ ፍቅር የለበትም፣ ቂሙም እንዳለ ነው።

«ስንት ደቂቃ?» አለ።

ሮሐ ወደ ሰማይ አንጋጠጠች። «ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ለሴቶቹ ስድሳ። ለአባት ቆዳቸው ስስ ስለሆነ አርባ አምስት ይበቃል።»

«አርባ ይሁን። የሚወስዱት የደም ግፊት መድኃኒት ቆዳቸውን ለፀሐይ ስሱ ያደርገዋል።»

ሮሐ ይህን አታውቅም ነበር። «አርባ ይሁን» አለች።

«ሰዓቱን ማን ይይዛል?»

«እኔ እይዛለሁ።»

ራቢያ ሦስቱን ሰዎች አግዳሚው ላይ በተርታ አስቀመጠቻቸው። ራሷ ከጥላው ሥር ወንበር ስባ፣ ስልኳን አውጥታ ሰዓቱን ከፈተች። «እኔም እይዛለሁ» አለች፣ ማናቸውንም ሳታይ። «አትታመኑም፣ አላምናችሁም።»